ከእኩል ቁጥሮች አጠገብ የታተመች ኮከብ

አዲስ አበባ
ሚያዝያ 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ አካሉ
ባሕር ዳር

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እማማስ? ጉልበቷን በፀበሉ ተሻላት ወይስ አሁንም ከመደብ በተነሣች ቁጥር ቅዱስ ጊዮርጊስን ትጠራለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ለፋሲካ የላካችሁልኝ ቅቤ ደርሷል። ገሚሱ ዓባይ በረሃ ላይ ቀልጦ የሹፌሩን ወንበር ቀብቶታል መሰለኝ፣ ሰውዬው ሲያስረክበኝ ፊቱን አጥቁሮ ነበር። የተረፈው ግን ለእኔና ለቤት አከራዬ ይበቃል፤ እጃችሁ ይባረክ።

የጠየቁኝን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። «ማሽን ይሳሳታል ወይ?» ይላሉ! አባባ፣ ማሽን አይሳሳትም። አይደክመው፣ አይርበው፣ ዘመድ የለው፣ በምን ይሳሳታል? የሚሳሳተው ሰው ነው። እንዴት ይህ ነገር በልብዎ መጣ? የአስጋሪዎች ማኅበራችሁ ስብሰባ ላይ ስለ ኮምፒውተር ትምህርት ሰጧችሁ እንዴ?

አሁንማ ልንገርዎት፣ ልጅዎ ሰው ሆናለች። ከሐይቅ ዳር የዓሣ መረከቢያ ጣቢያዎች ሁሉ የሚመጣው ቅጽ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። እርስዎ ያውቁታል፣ የየአስጋሪው ዓሣ በኪሎና በነጥብ ይጻፋል፣ ከግርጌው ጣቢያው የደመረው ድምር አለ። እኔ አዲስ ፕሮግራም ጻፍኩ። ማሽኑ ለራሱ ይደምርና «የእኔ ድምርና የጣቢያው ድምር እኩል ናቸው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እኩል ከሆኑ ዝም ይላል። ካልሆኑ አጠገባቸው አንዲት ኮከብ ያትማል። ልዩነት ካለ ከተደመረ በኋላ ቁጥር የነካ እጅ አለ ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን ብናስኬደው ከጣቢያዎቹ ገሚሱ ላይ ኮከብ ወጣ! «አገሩ ይህን ያህል ሌባ አለው እንዴ?» አልኩ። አለቃዬ አቶ መርስዔ ኀዘን በሠራተኛው ፊት አስነሥተው አመሰገኑኝ። የጣቢያዎቹን ስም አናይም፣ በቁጥር ብቻ ነው የምናውቃቸው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ባውቅም አልነግርዎትም፣ እንዳያባብሉኝ።

ለሥራ ጓደኛዎ ለጋሽ ሰላሁዲንና ለባለቤቱ ለእትዬ መሪየም እጅ ነሥታለች ይበሉልኝ። ረመዳን ሊገባ ነው፤ የእትዬ መሪየም ሳምቡሳ ይሄው ከአሁኑ አማረኝ።

ልጅዎ እናትዓለም


ባሕር ዳር
ሚያዝያ 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለእናትዓለም አካሉ
አዲስ አበባ

እንደምን ከርመሻል እናቴ። እኛ ቸሩ መድኃኔዓለም የተመሰገነ ይሁን፣ ሁላችንም በጤና አለን። የእናትሽ ጉልበት እንደነበረው ነው። ፀበሉን ተይው ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት «አንተ መጀመሪያ ምላስህን ታከም» አለችኝ። ለምን እንዳለችኝ አልጽፍልሽም፣ ታውቂያታለሽ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። በጣም ጠቅሞናል። ጓድ አስናቀ፣ የማኅበራችን ሊቀመንበር፣ በሰው ሁሉ ፊት «ይህችን የመሰለች ልጅ የወለደ አባት ሊኮራ ይገባዋል» ብሎ ስምሽን ጠራ። ሰው አጨበጨበ።

ለሰላሁዲን ያልሽውን ሰላምታ አላደረስሁም። አትቀየሚኝ። ሥራ በዛብኝና ነው። እሱም ለጊዜው ከሚዛን ሥራው ተነሥቷል። የመሥሪያ ቤት ነገር በፖስታ አይጻፍምና ስለ እሱ ደግመሽ አትጠይቂኝ። ቋንጣ ዓሣም ያልላክሁልሽ ዝናቡ ስላላደረቀልኝ ነው፣ ረስቼሽ አይደለም።

ሳምቡሳውን ተይው ለዘንድሮ።

አባትሽ አካሉ


አዲስ አበባ
ግንቦት 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

አባባ፣

ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ንቄዎ አይደለም፣ የሰማሁት ነገር አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።

የብርጓል፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ለዓይኗ ሕክምና መጥታ እኔ ዘንድ አርፋለች። እኔ እንደዋዛ «ጋሽ ሰላሁዲን እንዴት ነው?» ብላት እንጀራውን ከአፏ መለሰችው። «አልሰማሽም?» አለችኝ። ቀበሌ ታስሯል አለችኝ። የኢኮኖሚ አሻጥር ብለውታል፣ ከበዓላቸው በኋላ ጉዳዩ ወደ አውራጃ ይተላለፋል አለችኝ። አውራጃ ከገባ በኋላ ደግሞ የሚሆነውን እርስዎም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ስንቱ ነው ከዚያ ሳይመለስ የቀረው?

ይህ ብቻ ቢሆን አልቅሼ ዝም እል ነበር። «ማን መሰከረበት?» ብላት ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ደጋግሜ ስጠይቃት ነው የነገረችኝ።

አባባ፣ ውሸት ነው ይበሉኝ። ቁንዝላ ሳለን ወባ ሲጥለኝ ማን ነው በታንኳው ደንገል ላይ አስተኝቶ፣ ማዕበሉን እየተሳደበ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ? እርስዎ ራስዎ አይደሉም «ከዚህ ሰው ጋር የሥጋ ዘመድ ብሆን ኖሮ ይህን ያህል አልወደውም ነበር» የሚሉት?

ሌላም ልጠይቅዎ ነው። የጣቢያችሁ ቁጥር ስንት ነው? ቁጥሩን ብቻ ይጻፉልኝ።

እናትዓለም


ባሕር ዳር
ግንቦት 10 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ፣

የየብርጓል ዓይን ሳይሆን ምላሷ ነው መታከም ያለበት። ደግሞ አንቺ አባትሽን በጥያቄ የምታፋጥጪ ከመቼ ወዲህ ነው? አዲስ አበባ አስተማረሽ?

እሺ፣ ከሰማሽው አይቀር ከእኔ ስሚ።

ወረቀቱ የመጣው በዐቢይ ጾም ነው። ጓድ አስናቀ ቢሮው ጠርቶ አሳየኝ። በአንድ ቀን መስመር ላይ፣ ከቁጥራችን አጠገብ ኮከቧ ቁጭ ብላለች። አሠራራችንን ታውቂዋለሽ፣ ሰላሁዲን ውሃው ዳር እየመዘነ የየአስጋሪውን ይጽፋል፣ እኔ ላይ ቤት ሆኜ እደምርና እፈርማለሁ። ወረቀቱ ላይ የማሽኑ ድምር ሁለት መቶ አርባ ስድስት ነጥብ ሦስት ይላል። የእኔም ሁለት መቶ አርባ ስድስት ነጥብ ሦስት ይላል። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ እኮ እኩል ነው» አልሁት። «ለዓይን እኩል ነው» አለኝ። «ማሽኑ የሚያየው ዓይን የማያየውን ነው፣ ጓድ አካሉ። ከሳይንስ ጋር ልትከራከር ነው? ወይ አንተ ነክተኸዋል፣ ወይ እሱ።»

ለዚህ ነው ለአንቺ የጻፍሁልሽ። ያንቺ መልስ እስኪመጣ እንቅልፍ አልነበረኝም። መጣ። አይሳሳትም አልሽ። የነካ እጅ አለ አልሽ። እኔ አለመንካቴን አውቃለሁ። እንግዲህ የማን እጅ ቀረ?

የሂስና ግለሂሱ ዕለት ሰላሁዲን ተጠየቀ። «ጋሽ አካሉን ጠይቁ፣ እሳቸው ያውቁኛል» ብሎ ቁጭ አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ደብዳቤሽን ከደረት ኪሴ አውጥቼ አነበብሁ፣ ቅቤውን ትቼ፣ ስለ ማሽኑ ያለውን። ከዚያም «እኔ አልነካሁም፣ ከሁለት እጅ አንዱ ንጹሕ ከሆነ ሌላው ነው» አልሁ። ይኸው ነው ያልሁት። ሌባ አላልሁትም። ሌባ የሚለውን ቃል አስናቀ ነው የጨመረው።

እሱ ቀና ብሎ አየኝ።

እውነት መራራ ናት ይባላል። ከልጄ ማሽንና ከጓደኛዬ አንዱን ማመን ነበረብኝ። የገዛ ልጄን ካላመንሁ ማንን ላምን? ቁጥሩ 11 ነው። ደግሞ ቁጥሩ ምን ያደርግልሻል?

አባትሽ


አዲስ አበባ
ግንቦት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

አባባ፣

እግዜር ምድርን ከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ይህን ሲያነቡ እማማ አጠገብዎ ትኑር፣ እርስዎ ብቻዎን እንዲሸከሙት አልፈልግም።

የጣቢያ 11ን ወረቀት አወጣሁ። ያሉት ልክ ነው። ሁለት መቶ አርባ ስድስት ነጥብ ሦስት፣ ሁለት መቶ አርባ ስድስት ነጥብ ሦስት፣ ከጎኑ ኮከብ። ለወራት በእጄ ያለፈ ወረቀት ነው፤ አንድ ቀን ቁጥሮቹን አላነበብኳቸውም። ኮከቧን ብቻ ነበር የምቆጥረው።

ከዚያ ማሽኑን ሕፃን የሚመልሰውን ጥያቄ ጠየቅኩት። አንድ አሥረኛን፣ ዜሮ ነጥብ አንድን ማለት ነው፣ አሥር ጊዜ ደምር አልኩት። ደመረ። አሁን ይህ ከአንድ ጋር እኩል ነው ወይ? አልኩት። «አይደለም» አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት። አይደለም።

አባባ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አንድን ለሦስት ስናካፍል ዜሮ ነጥብ ሦስት ሦስት ሦስት እያለ አያልቅልንም አይደል? አንድ ቦታ ላይ ደክሞን እናቆማለን። ማሽኑ ደግሞ የሚቆጥረው እንደ እኛ በአሥር ሳይሆን በሁለት ነው። በሁለት ሲቆጥር አንድ አሥረኛ አያልቅለትም። እሱም አንድ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። የቆረጣት ፍርፋሪ ከዓሣ ቅርፊት እጅግ ታንሳለች፣ በዓይን ቀርቶ በየትኛውም ሚዛን አትታይም። ግን ነጥብ ያለውን ቁጥር ሲደምር ሲደምር ፍርፋሪው ይጠራቀማል። ወረቀት ላይ ሲያትመው አጠጋግቶ ያትመዋልና እኩል ይመስላል፤ ሆዱ ውስጥ ግን እኩል አይደለም። እኔ ደግሞ «ፍጹም እኩል ናቸው ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። መጠየቅ የነበረብኝ «ልዩነታቸው ከአንድ ቅርፊት ይበልጣል ወይ?» ብዬ ነበር። ማሽኑ የጠየቅኩትን መለሰ። ጥያቄው ነው የተሳሳተው፤ ጥያቄው ደግሞ የእኔ ነው።

ማንም ምንም አልነካም። ጋሽ ሰላሁዲን የአንዲት ዓሣ ክንፍ የሚያህል እንኳ አልወሰደም። ገሚሱ ጣቢያ ሌባ ሆኖ ሲወጣ ራሴን መጠርጠር ሲገባኝ አገሩን ጠረጠርኩ። ተጨበጨበልኝ፣ ደስ አለኝ።

ለአቶ መርስዔ ኀዘን ነገርኳቸው። በሩን ዘጉት። «ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል፤ አሁን ተሳሳትን ብንል አሻጥረኞቹ እኛ እንሆናለን። ፕሮግራሙን ዝም ብለሽ አስተካክይው» አሉኝ። ማኅተም ያለው ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ ልጆች አሏቸው፣ ፈርተዋል። አልጻፉልኝም።

ስለዚህ ያለኝ ማኅተም ይህ የእጅ ጽሑፌ ብቻ ነው። አባባ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን በስብሰባ ፊት አንብበውታል። ይህንንም ያንብቡልኝ። ስሜን ሳይዘሉ፣ «የእናትዓለም አካሉ ስሕተት ነው» ብለው ያንብቡት። ከሥራዬ ቢያባርሩኝም ግድ የለም። በዓሉ ሳያልፍ፣ አውራጃ ሳይደርስ።

ልጅዎ ነኝ ለማለትም አፈርኩ።

እናትዓለም


ባሕር ዳር
ግንቦት 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ እናትዓለም፣

ደርሶኛል። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ሲባል ስሰማ ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

ማሽኑ በሁለት ነው የሚቆጥረው ያልሽውን ገብቶኛል። ፍርፋሪውም ገብቶኛል። ያልገባኝ እኔ ነኝ። አንቺማ ወረቀቱን አላነበብሽም። እኔ አንብቤዋለሁ! መነጽሬን ጠርጌ አንብቤዋለሁ። ቁንዝላ ላይ ያው ኮከብ መጥቶላቸው ነበር አሉ። የጣቢያው ሹም አይቶ «ይኼ እኮ እኩል ነው፣ ምን ነካቸው?» ብሎ ስቆ ወረቀቱን ዓሣ ጠቀለለበት። እኔ ግን የኮምፒውተር ልጅ አባት ስለሆንሁ አልሳቅሁም። ደብዳቤሽን በሰው ፊት ሳነብ፣ ልጄ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የአንድ ሰው ቤት ሲፈርስ እኔ ጽሑፍሽ እንዴት እንደሚያምር እየሰማሁ ነበር። ይህን ለእናትሽ አልነገርኋትም፤ እሷ ግን ያወቀች ይመስለኛል፣ አብራኝ አትበላም።

ትናንት ስብሰባ ነበር። ደብዳቤሽን ይዤ ገባሁ። ሌላ ጉዳይ አለ ወይ ሲባል እጄን አነሣሁ። ጓድ አስናቀ «እሺ ጓድ አካሉ» አለ። ተነሣሁ። «የሚዛኑ ቤት ጣራ ያፈሳል» ብዬ ቁጭ አልሁ።

ጣራው አያፈስም።

ከዚህ የባሰ አለ። መሪየም አታውቅም። ሴቶቹ ስብሰባው ላይ አልነበሩም፣ ሰላሁዲንም አልነገራት። ማን እንደመሰከረበት ብትጠይቀው «ሰዎች» አላት አሉ። ለምን እንደደበቃት ይገባሻል? ግድግዳ ነው የሚለየን፣ ከእናትሽ ጋር እሳት ይለዋወጣሉ፣ ያ እንዳይፈርስ ነው። እሱ እስር ቤት ሆኖ የእኔን ቤት ይጠብቃል።

እሷ ደግሞ ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየማታው ማፍጠሪያውን በሳህን ጠቅልላ ለእኔ ነው የምትሰጠኝ። ተምር፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ። «ዘበኞቹ እርስዎን ያከብራሉ፣ ከእኔ አይቀበሉኝም፤ አላህ ይስጥዎ ጋሽ አካሉ» ትለኛለች። አደርሳለሁ። ለዘበኛው እሰጣለሁ እንጂ አልገባም። ዛሬ ሳህኑን ስትሰጠኝ እጄን ሳመችው። ልጄ፣ እጄን ሳመችው! እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ነገ ወይ ከነገ ወዲያ በዓላቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቂዋለሽ። አንቺ ትችያለሽ ወይ መጥተሽ ብትናገሪ? እኔን አፌን አሰረው።

አካሉ


አዲስ አበባ
ግንቦት 23 ቀን 1979 ዓ.ም.

አባባ፣

እመጣለሁ። ፈቃድ ጠይቄ ከለከሉኝ፣ ቢሆንም በመጀመሪያው ባገኘሁት አውቶቡስ እመጣለሁ፤ ይህን ለሹፌሩ የምሰጠው ቀድሞኝ ይደርሳል ብዬ ነው።

ግን እኔ መጥቼ ብናገር ምን የሚሉ ይመስልዎታል? «ሕፃን ናት፣ ከቤተሰቧ ጓደኛ ጋር ወግና ነው» ይላሉ። እኔን የሚያውቀኝ ሰው እዚያ የለም። ጋሽ ሰላሁዲን «እናትዓለምን ጠይቁ» አላለም። እርስዎን ነው የጠራው። አሁንም እዚያ ተቀምጦ የእርስዎን መልስ ነው የሚጠብቀው።

አልቆጣዎትም፣ በምን አፌ? እኔም ነገሩን ካወቅኩ በኋላ ለአለቃዬ ሳልናገር ከቢሮ ቢሮ ስዞር ነበር። ሴት ሆኜ እዚህ የደረስኩት ስሕተት የማትሠራ ተብዬ ነው፣ ያ ስም ሲሄድ ታየኝ። እኛ ሁለታችን ስማችንን ይዘን ቆመናል፣ ሰውየው በእኛ ስም ታስሯል።

የማሽኑን ነገር ማስረዳት ቢከብድዎት ይተዉት፤ ፍርፋሪውንም፣ በሁለት መቁጠሩንም ይተዉት። ወረቀቱን ብቻ ያውጡ፤ ፊደል የቆጠረ አንድ ሰው ይጥሩና ሁለቱን ቁጥሮች ጮክ ብሎ ያንብባቸው። ከዚያ ያዩትን ይናገሩ። ያኔ ያዩትን።

ልጅዎ እናትዓለም


ባሕር ዳር
ሰኔ 29 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ እናትዓለም፣

ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ከኮምፒውተሩ ክፍል አንሥተው መዝገብ ቤት እንዳዛወሩሽ የጻፍሽልኝን አነበብሁ። «አባባ፣ ይሄም ሥራ ነው» ማለትሽ ሆዴን በላው። እናትሽ ግን «ደግ አደረጉ፣ አሁን ዓይኗ ያርፋል» አለች። ዛሬ ደግሞ ቋንጣውን እሷ ናት የጠቀለለችልሽ።

አንቺ የደረስሽው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነውና እንዴት እንደሆነ ደግመሽ ጠይቀሽኛል። እዚህ ሳለሽ ፊት ለፊት መናገር አልቻልሁም፣ በጽሑፍ ይሻለኛል።

ስብሰባው ላይ ወረቀቱን ከመዝገቡ አወጣሁና ከቁንዝላ የመጣ አንድ አስጋሪ፣ መሠረተ ትምህርት የጨረሰ፣ እንዲያነብ አደረግሁ። «ሁለት መቶ አርባ ስድስት ነጥብ ሦስት» አለ። «የታችኛውንስ?» አልሁት። «ያው ነው እኮ፣ ምን ሊሆን ነው?» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን «ይህን ያን ጊዜም አይቼዋለሁ፤ አይቼ ነው የመሰከርሁበት» ስል ሳቁ ቆመ። ደብዳቤሽን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁ፣ ስምሽንም አልዘለልሁም። ጓድ አስናቀ ተቆጣ። «ታዲያ ማሽኑ ነው የተሳሳተው?» አለኝ። «ማሽኑ የሚያውቀው ሰው የለውም፣ እኔ ግን ሰላሁዲንን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ» አልሁት። ቅጣቴን ተቀብያለሁ፤ ከኮሚቴ ወርጃለሁ። እኩል በሆኑ ቁጥሮች ሰው ከስሶ አውራጃ ላይ ማን መሳቂያ ይሁን? በሦስተኛው ቀን ለቀቁት።

ድንጋይ ተሸክሜ እደጁ ሄድሁ። ጎረቤቱ ሁሉ አየኝ፣ ይይ። ሰላሁዲን ወጥቶ ድንጋዩን ከማጅራቴ ላይ በገዛ እጁ አወረደው። «ጋሽ አካሉ፣ ይህ ለእርስዎ አይገባም፤ ይቅር ብያለሁ፣ አላህም ይቅር ይበለን» አለና ወደ ውስጥ አስገባኝ። መሪየም የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ሳህኑ መደርደሪያው ላይ ነበረ። አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፣ አልወጣችም። አሁን ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች። እጅ ግን አትነሣም።

አሁን አብረን ነው የምንሠራው። አልተለወጠም፤ ይስቃል፣ ከአስጋሪዎቹ ጋር ይቀላለዳል፣ የእናትሽን ጉልበት ይጠይቃል። ለእኔም ይነሣልኛል። አንድ ነገር ብቻ ነው።

ድሮ እሱ ውሃው ዳር ብቻውን መዝኖ ይጽፍ ነበር፣ እኔ ከላይ ቤት አልወርድም ነበር፣ የሱን ቁጥር ሳልጠይቅ እደምር ነበር። አሁን አንድ ታንኳ በመጣ ቁጥር፣ ዓሣውን ሚዛኑ ላይ ያደርግና ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወደ እኔ ይጣራል። «ጋሽ አካሉ፣ ይውረዱና ይዩት።» እወርዳለሁ፤ ጭቃውን እየረገጥሁ እወርዳለሁ። እሱ ዞር ይልልኛል። አያለሁ። ቁጥሩን እኔ እናገራለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጽፈው። ለአምስት ኪሎም ቢሆን፣ ለአንድ አምባዛም ቢሆን።

ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ዝናቡ እየወረደ፣ አስጋሪዎቹ ተሰልፈው እየተንቀጠቀጡ፣ አልቻልሁም። «ሰላሁዲን፣ ወንድሜ፣ አንተ ዝም ብለህ ጻፍ። እኔ አምንሃለሁ» አልሁት።

«አውቃለሁ ጋሽ አካሉ» አለኝ፣ በደህና ፊት፣ ፈገግ ብሎ። «ግን ይዩት።»

አባትሽ አካሉ